የሞተር ዘይት በ3,000 ወይስ በ10,000? ለአዳማው የያሪስ ባለቤት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «መኪናዬ 2010 ሞዴል ቶዮታ ያሪስ ናት፤ ሞተሯ 1.3፣ ከዱባይ የገባች። የምኖረው አዳማ፣ ቦኩ ሸነን ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ልጆች ትምህርት ቤት አድርሼ ሥራ እገባለሁ፣ ማታም በዚያው መንገድ እመለሳለሁ፤ አንዱ ጉዞ ከ3 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። በወር ሁለቴ በፍጥነት መንገዱ አዲስ አበባ ደርሼ እመጣለሁ። ዘይት የሚቀይርልኝ ልጅ በየ3,000 ኪሎ ሜትሩ ካልተቀየረ ሞተሩ ይበላል ይለኛል። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ደግሞ ሲንቴቲክ (በኬሚካል ሂደት የተሠራ ዘይት) ከሆነ እስከ 10,000 ምንም አይለውም ባይ ነው። አሁን የተሞላው ሃያ ሃምሳ (20W-50) ነው፤ በሳምንቱ ጠቆረ። ፊልትሮ የምንቀይረው በሁለት ዘይት አንዴ ነው፣ በመሃል ሲጎድል እንጨምራለን። ማንን ልስማ?»

ምላሽ፦ ሁለቱንም አይስሙ። ለእርስዎ መኪናና ለእርስዎ አነዳድ ልኩ 5,000 ኪሎ ሜትር ወይም 6 ወር ነው፤ ቀድሞ በደረሰው። ፊልትሮውም ዘይት በተቀየረ ቁጥር አብሮ ይቀየራል፤ «በሁለት አንዴ» የሚባል ነገር የለም። ደግሞ እርስዎ ጋ ቀድሞ የሚደርሰው ወሩ ነው። በቀን አራት ጉዞ በ3 ኪሎ ሜትር 12 ኪሎ ሜትር፣ በ22 የሥራ ቀን 264 ይሆናል። የአዲስ አበባው ደርሶ መልስ እዚያ ከሚዞሩት ጋር 200 ቢሆን፣ ሁለቴ 400 ነው። በወር 660 ገደማ፣ በ6 ወር 4,000 ያህል ማለት ነው። 5,000 እስኪሞላ ቢጠብቁ ስምንተኛው ወር ይጠጋል። ስለዚህ ከኪሎ ሜትር ቆጣሪው ይልቅ ካላንደሩን ይያዙ፦ አንዱን በመስከረም፣ አንዱን በመጋቢት።

ልጁ የነገረዎት 3,000 ከባዶ የመጣ ቁጥር አይደለም፤ ዘመኑ ያለፈበት ቁጥር ነው። ሞተር ሁሉ በካርቡራቶር በሚሠራበት፣ ዘይቱም ዛሬ የሚጨመሩለት ኬሚካሎች ባልነበሩት ጊዜ አሜሪካ ውስጥ የተለመደው 3,000 ማይል ነበር። 3,000 ማይል ግን 4,800 ኪሎ ሜትር ነው። ቁጥሩ ሲዞር ማይሉ መንገድ ላይ የቀረ ይመስለኛል። ዘይት ቀያሪ የሚያተርፈው በቅያሪው ብዛት መሆኑም አይረሳ። ልጁ አታልሎዎታል ማለቴ አይደለም፤ የሚሸጠው ዘይት ምን ዓይነት እንደሆነ አውቆት ሊሆንም ይችላል፣ ወደዚያ እመለሳለሁ።

የወንድምዎ 10,000 ደግሞ ከማኑዋል የተወሰደ ነው፤ ከማኑዋሉ ያነበበው ግን ግማሹን ነው። አምራቾች ሁለት ልክ ነው የሚሰጡት፦ አንዱ ለምቹ አጠቃቀም፣ ሌላው ለአስቸጋሪ። ቶዮታ ለጃፓን ገበያ፣ ቱርቦ ለሌለው የቤንዚን መኪና 15,000 ኪሎ ሜትር ወይም አንድ ዓመት ይልና አስቸጋሪ አጠቃቀም ላይ በግማሹ ያወርደዋል፤ 7,500 ወይም 6 ወር። አሜሪካም ለሲንቴቲኩ ዜሮ ሃያ (0W-20) ዘይት 10,000 ማይል ከተባለ በኋላ አቧራማ መንገድና አጭር ጉዞ ላይ 5,000 ማይል ይሆናል። ልብ ይበሉ፤ ቁጥሩ ከአገር አገር ይለያያል፣ በግማሽ መቀነሱ ግን አይለወጥም። አስቸጋሪ የሚባለውም ዳገትና ጭነት ብቻ አይደለም፦ ያልተነጠፈና አቧራማ መንገድ፣ ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ የሚያልቅ ጉዞ፣ ቆሞ ለረጅም ሰዓት የሚሠራ ሞተር ሁሉ በዚያ ዓምድ ሥር ናቸው። የእርስዎ ሰኞ እስከ ዓርብ ቃል በቃል እዚያ ተጽፏል። የወንድምዎን 10,000 በግማሽ ቢያካፍሉት የሚመጣው እኔ ያልኩት 5,000 ነው።

ኪሎ ሜትር ብቻውን ጥሩ መለኪያ የማይሆንበትን ምክንያት ደግሞ በሰዓት እንየው። በፍጥነት መንገዱ በ90 የሚነዳ ሰው 5,000 ኪሎ ሜትሩን በ55 ሰዓት ይጨርሰዋል። እዚያው አዳማ ከፍራንኮ ወደ መናኸሪያው በባጃጅና በጋሪ መሃል እየተጋፋ በአማካይ በ20 የሚነዳ ሰው ለዚያው 5,000 ኪሎ ሜትር 250 ሰዓት ያስፈልገዋል። ቆጣሪው ላይ አንድ ናቸው፤ ዘይቱ ላይ አንዱ የሌላውን አራት ተኩል እጥፍ ሠርቷል። ማደያ ሰልፍ ላይ ሞተር ሳይጠፋ የሚታደርበትን ጊዜ ቆጣሪው ጭራሽ አይመዘግበውም። ሰልፍ ላይ ሞተሩን ያጥፉ፤ ቤንዚኑም ዘይቱም ይተርፋል።

አጭር ጉዞ ዘይትን እንዴት እንደሚገድል ብዙ ሰው አያውቅም፤ «በቀን 12 ኪሎ ሜትር ብቻ ነድቼ ምን ይሆናል?» ይላል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር የሚጠጋ ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። አብዛኛው በማርሚታ ይወጣል፤ ጥቂቱ ግን በፒስተን ፋሻ አልፎ ወደ ኮፓ (ዘይቱ ወደሚጠራቀምበት የሞተሩ ታችኛ ክፍል) ይወርዳል፣ ያልተቃጠለ ቤንዚንም አብሮት። ዘይቱ በደንብ ከሞቀ ሁለቱም ተንነው ይወጣሉ። ዳሽቦርድ ላይ የሚያዩት የሙቀት ምልክት የራዲያተር ውኃውን እንጂ የዘይቱን ሙቀት አይነግርዎትም፤ ዘይቱ ለመሞቅ ከውኃው እጥፍ ያህል ጊዜ ይወስዳል። በ3 ኪሎ ሜትር ጉዞ ውኃው እንኳ ገና ነው። ስለዚህ እርጥበቱና ቤንዚኑ እዚያው ይጠራቀማሉ፣ ከቃጠሎ ጭቃና ከአሲድ ጋር ይዋሐዳሉ፣ ዘይቱም ውስጥ ያለው አሲድ ማርከሻ ያልቃል። 6 ወር የሚባለው ገደብ የመጣው ከዚህ ነው፤ ዘይት ቆሞ ስለሚበላሽ ብቻ አይደለም። በወር ሁለቴ አዲስ አበባ መሄድዎ እዚህ ላይ ትልቅ ውለታ ይውላል፦ አንድ ሰዓት ሙሉ በሞቀ ሞተር፣ ያውም ከ1,600 ሜትር በላይ ካለችው አዳማ 2,300 ወደሚሆነው ከፍታ እየወጡ ሲነዱ የተጠራቀመው እርጥበት ይተናል። ይህ ጉዞ ባይኖር ኖሮ 4 ወር እል ነበር።

ሁለተኛው ጠላት አቧራው ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹን የሚያዞረው ያው ነፋስ የሰፈሩን ኮረኮንች መንገድ አንስቶ መኪናው የአየር ፊልትሮ ላይ ያራግፈዋል። አቧራ ውስጥ ያለው ሲሊካ ጥንካሬው ከሞተር ብረት የሚተናነስ አይደለም። ክራንክ ሻፍቱ በሚዞርበት ብሮንዝና በራሱ በክራንክ ሻፍቱ መሃል ያለው የዘይት ንጣፍ ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው፤ የዘይት ፊልትሮ ደግሞ በደንብ የሚይዘው ከ20 እስከ 30 ማይክሮን የሚሆኑትንና ከዚያ በላይ ያሉትን ነው። መሃል ላይ ያሉት ደቃቅ ቅንጣቶች ፊልትሮውን አልፈው ከዘይቱ ጋር ይዞራሉ፤ እነሱን ከሞተሩ የሚያወጣቸው ዘይቱን ማፍሰስ ብቻ ነው። ሲንቴቲክ ይሁን ተራ፣ አቧራን የሚያሟሟ ዘይት የለም። ለዚህ ነው «ውድ ዘይት ስለሞላሁ ይቆይልኛል» የሚለው ሒሳብ አዳማ ላይ የማይሠራው።

ስለዚህ የአየር ፊልትሮውን ዘይት በቀየሩ ቁጥር ያስከፍቱት። ላቫጆ ላይ በኮምፕሬሰር ፊት ለፊት ጠጋ ብሎ መንፋት የተለመደ ነው፤ ወረቀቱን ይበሳዋል፣ አቧራውንም ወደ ውስጥ ይነዳዋል። መነፋት ካለበት ከንጹሑ ጎን ወደ ቆሻሻው፣ ራቅ ብሎ፣ በቀስታ ነው። ቤቱ ሲከፈት ከፊልትሮው አልፎ ወደ ሞተር በሚሄደው ቱቦ ውስጥ ነጭ ጨርቅ አስገብተው ይጥረጉ። ጨርቁ ላይ ቀይ ወይም ግራጫ ዱቄት ከወጣ አቧራው ፊልትሮውን እያለፈ ነው፤ ወይ ፊልትሮው ልኩ አይደለም፣ ወይ የቤቱ ክሊፕ አልገጠመም፣ ወይ ቱቦው ተሰንጥቋል። ያንን ሳያስተካክሉ ዘይት በየ1,000 ቢቀይሩም ሲሊንደሩ ይፋቃል።

አሁን ወደ ቀለሙ። ዘይት መጥቆሩ ተበላሸ ማለት አይደለም። ዘመናዊ ዘይት ውስጥ አጣቢና ጥላሸት በታኝ ኬሚካል አለ፤ ሥራው ቆሻሻው ግድግዳ ላይ እንዳይጋገር ይዞ መቆየት ነው። በሳምንቱ የጠቆረ ዘይት እያጠበ ያለ ዘይት ነው፤ ከዚህ በፊት የቆየ ቆሻሻ ላለበት ሞተር ደግሞ የሚጠበቅ ነው። የናፍታ ሞተር ላይ ከጋራዥ ሳይወጣም ይጠቁራል። ከቀለሙ የተሻለ ነገር የሚነግርዎት ጠብታው ነው፦ ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ከመለኪያ ዘንጉ ጫፍ አንድ ጠብታ ነጭ ሶፍት ላይ ጥለው ግማሽ ሰዓት ይተዉት። መሃሉ ጠቆር ብሎ ወደ ዳር እየሳሳ የሚሄድ ክብ ከሆነ ዘይቱ ገና ቆሻሻውን መበተን ይችላል። ጥቁሩ መሃል ላይ እንደ ማኅተም ተሰብስቦ ዳሩ በስለታም መስመር ከተቆረጠ አልቆለታል። በጣቶችዎ መሃል ሲያሹት አሸዋ አሸዋ ካለ ወደ አየር ፊልትሮው ይመለሱ። ወተት የገባበት ቡና መስሎ ዘንጉ ላይ ከታየ ውኃ ገብቶበታል፤ የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን ይታይ፣ መኪናውም አይነዳ። ያ ነጣ ያለ ክሬም በዘይት መሙያ ክዳኑ ሥር ብቻ ከሆነና የራዲያተሩ ውኃ የማይጎድል ከሆነ ግን የአጭር ጉዞ እርጥበት ነው፤ አንድ የአዲስ አበባ ጉዞ ያጠፋዋል። የሶፍቱ ፈተና ግምት ነው፣ ላቦራቶሪ አይተካም፤ ከ5,000 በላይ ለመሄድ ፈቃድ አድርገው አይውሰዱት።

ውፍረቱ ላይ ሃያ ሃምሳ ለምን እንደተመረጠልዎት ይገባኛል፤ «አሮጌ ሞተር ወፍራም ዘይት ይወዳል» የሚባል አባባል አለ። የመጀመሪያው ቁጥር፣ ከደብሊው በፊት ያለው፣ ዘይቱ ብርድ ላይ እንዴት እንደሚፈስ ነው የሚነግረው፤ ሁለተኛው 100 ዲግሪ ላይ ያለውን ውፍረት ነው። የአዳማ ብርድ የመጀመሪያውን ቁጥር የሚፈትን ብርድ አይደለም፤ ስለዚህ አምስት ሠላሳ ይሁን አሥር ሠላሳ፣ ጠዋት ላይ የጎላ ልዩነት አያዩም። ጉዳዩ ሁለተኛው ቁጥር ላይ ነው። የያሪስዎ ሞተር በዘይት ግፊት የቫልቮላ ሰዓቱን የሚለዋውጠው ቪቪቲ-አይ አለው፣ ካቴናውንም (የሞተሩን ሰንሰለት) የሚወጥረው በዘይት ግፊት የሚሠራ መወጠሪያ ነው። ቀዳዳዎቹ ጠባብ፣ ወንፊቱም ደቃቅ ነው። ወፍራም ዘይት ጠዋት ላይ እዚያ ለመድረስ ይዘገያል፤ ሞተር ሲነሳ ለጥቂት ሰኮንድ የሚሰማው የካቴና መንኳኳት አንዱ ምልክቱ ነው። ነዳጅም ይጨምራል። ሃያ ሃምሳ መርዝ ነው አላልኩም፤ ለሞቃት አገር የተዘጋጁ አንዳንድ የቶዮታ ማኑዋሎች ሰንጠረዣቸው ውስጥ ይፈቅዱታል። የመጀመሪያ ምርጫቸው ግን አምስት ሠላሳ ነው፣ የእኔም እሱ ነው። ካልተገኘ አሥር ሠላሳ። ሞተርዎ ዘይት የሚበላ ከሆነ ብቻ ወደ አሥር አርባ ይሂዱ።

ከውፍረቱ እኩል ሌላ ጽሑፍ ይዩ፤ ብዙ ገዢ የሚዘለው እሱን ነው። ጀሪካኑ ጀርባ ላይ ኤፒአይ (API፣ የዘይት ደረጃ የሚያወጣው የአሜሪካ ተቋም) ከሚለው ቀጥሎ ሁለት ፊደል አለ። ለቤንዚን በኤስ ይጀምራል፤ ሁለተኛው ፊደል ወደ ኋላኛው ፊደላት በሄደ ቁጥር አዲስ ደረጃ ነው። ኤስኤን እ.ኤ.አ. በ2010፣ ኤስፒ በ2020 የወጡ ናቸው፤ ከሁለቱ አንዱን ይግዙ። ገበያው ውስጥ ዋጋው ረከስ ብሎ የሚገኘው ኤስኤፍ እ.ኤ.አ. እስከ 1988 ለተሠሩ መኪናዎች የወጣ ደረጃ ነው። እንዲህ ዓይነት ዘይት እየሸጠ «በ3,000 ተመለስ» የሚል ቀያሪ በራሱ ዘይት ልክ ትክክል ተናግሯል። ሲንቴቲኩን በተመለከተ፣ ሙቀትን ይችላል፣ ጭቃ ቶሎ አይሠራም፤ ገንዘቡ ካለዎት ይግዙት፣ ግን ቀኑን አያራዝሙበት። አብዛኛው ጉዞው በፍጥነት መንገዱ የሆነና እውነተኛ ሲንቴቲክ የሚሞላ ሰው ብቻ 7,500 ድረስ ቢሄድ አልቃወመውም። 10,000 እዚህ አገር ለማንም አልመክርም።

እውነተኛ የሚለውን ቃል ያለ ምክንያት አላስገባሁም። የተጭበረበረ ዘይት አለ፤ አብዛኛው የሚሞላው ደግሞ በእውነተኛው ባዶ ጀሪካን ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ማሸጊያው ቢያምር አይግረምዎት። ከማደያ ኩባንያዎቹ የራሳቸው መሸጫ ወይም ደረሰኝ ከሚሰጥ አስመጪ ይግዙ። ክዳኑ ሲከፈት ቀለበቱ ተበጥሶ መቅረት አለበት፤ አፉ ላይ ያለው ፎይል የተጨማደደ ወይም በሙጫ የተለጠፈ ከሆነ ይመልሱት። የምርት ቁጥሩ ጀሪካኑ ላይ የታተመ እንጂ በወረቀት የተለጠፈ አይሁን። ከበርሜል በጆግ እየተቀዳ የሚሸጥ አይግዙ፤ ምን እንደሆነ የሚያውቀው የቀዳው ብቻ ነው። ዘይቱ ከተሞላ በኋላ ባዶውን ጀሪካን በካቻቢቴ ይብሱት። ቀያሪው ቅር ካለው፣ ለምን ቅር እንዳለው ያስቡበት።

መጨመር መቀየር አይደለም። በመሃል የጎደለውን መሙላት ግዴታ ነው፤ ግን አሮጌው ዘይት ከነቆሻሻው እዚያው ነው። አሮጌውን ፊልትሮ ትቶ አዲስ ዘይት መሙላትም ያንኑ ያህል ነው። ፊልትሮው ሲጠቀጠቅ ዘይቱ እንዳይቆም በውስጡ ያለው ማለፊያ ይከፈታል፤ ከዚያ በኋላ ዘይቱ ሳይጣራ ነው የሚዞረው። ምንም ድምፅ የለውም፣ ምንም መብራት አይበራም።

ቅያሪው ሲሠራ አጠገቡ ይቁሙ። ሞተሩ አምስት ደቂቃ ያህል ሠርቶ ለብ ይበል፤ የፈላ ዘይት እጅ ይልጣል፣ የቀዘቀዘ ዘይት ደግሞ ቆሻሻውን ታች ትቶ ይወጣል። የመሙያው ክዳን ይከፈት። የማፍሰሻው ብሎን በ14 ቁልፍ ይፈታል፤ ዘይቱ በክር ከመፍሰስ አልፎ ጠብ ጠብ እስኪል 10 ደቂቃ ይስጡት፣ ቀያሪዎች የሚቸኩሉት እዚህ ላይ ነው። የብሎኑ ሮንዴላ ይቀየር። መልሶ ሲታሰር ልኩ 37 ኒውተን ሜትር ነው፤ በተራ ቁልፍ አንድ እጅ ጠበቅ አድርጎ የሚያስረው ማለት ነው። ቧንቧ ቀጥሎ መጎተት የኮፓውን ጥርስ ይበላና ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ያንጠባጥባል። አሮጌው ፊልትሮ ሲወጣ ጎማው አብሮ መውጣቱን በዓይንዎ ይዩ። ጎማው ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ ከነጎማው ከላዩ ከታሰረ፣ ፍጥነት መንገዱ ላይ በግፊት ይፈነዳና ዘይቱ በደቂቃዎች ውስጥ መንገድ ላይ ያልቃል። የአዲሱ ፊልትሮ ጎማ በጣት ዘይት ይቀባል፣ ጎማው እስኪነካ በእጅ ይዞራል፣ ከዚያ ሦስት አራተኛ ዙር ብቻ። በመፍቻ አይጠበቅም።

የዚህ ሞተር ልክ ከፊልትሮ ጋር 3.7 ሊትር፣ ያለ ፊልትሮ 3.4 ነው። ባለ 4 ሊትሩን ጀሪካን ሙሉውን የሚገለብጡ አሉ፤ 300 ሚሊ ሊትሩ ለመጨመሪያ የሚቀመጥ ነው። 3.5 ያህል ሞልተው ሞተሩን አንድ ደቂቃ ያስነሱ፣ አጥፍተው አምስት ደቂቃ ይጠብቁ፣ ከዚያ በዘንጉ እያዩ ወደ ላይኛው ነጥብ ያድርሱት። ከላይኛው ነጥብ ያለፈ ዘይት ክራንክ ሻፍቱ እየመታው አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ግፊት አይይዝም፣ በየጓርኒሲዮኑም መውጫ ይፈልጋል።

በመሃል «ሞተሩን እናጥበው» ተብሎ ነጭ ጋዝ ወይም ናፍታ በመሙያው ሲፈስስ ካዩ ያስቁሙ። የተጋገረውን ጭቃ በአንዴ ፈንቅሎ ዘይት የሚመጥጠው ቱቦ ወንፊት ላይ ይከምረዋል፤ ሙሉ በሙሉ ስለማይወጣም አዲሱን ዘይት ያቀጥነዋል። «ታጥቦ» በሳምንቱ የነከሰ ሞተር ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ጭቃ የበዛበት ሞተር የሚጸዳው በትዕግሥት ነው፦ ጥሩ ዘይት ከአዲስ ፊልትሮ ጋር ሁለት ሦስት ጊዜ በየ2,000 ኪሎ ሜትር መቀየር። በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠው ማወፈሪያም አያስፈልግም፤ ጭሱን ለገዢ ዓይን ለመደበቅ ካልሆነ ጥቅሙን አላየሁም። የወጣውን የተቃጠለ ዘይት ግቢ ውስጥ አያፍስሱ፣ ለምስጥ ብለው እንጨት ሲቀቡበትም በባዶ እጅ አይንኩት፤ ቆዳ ላይ ሲደጋገም ካንሰር ሊያመጣ ይችላል።

ቀዩን የዘይት መብራት ብዙ ሰው «ዘይት ጎድሏል፣ ማታ እሞላለሁ» ብሎ ይረዳዋል። መብራቱ የሚለካው ግፊትን እንጂ መጠንን አይደለም። እሱ እየበራ የሚሠራ ሞተር ብረት በብረት እየፈጨ ነው፤ ቤት ወይም ጋራዥ እስክደርስ አይባልም፣ ዳር ይዞ ወዲያው ማጥፋት ነው። የጎደለን ዘይት የሚነግርዎት ዘንጉ ብቻ ነው።

ይህ ቁጥር ለያሪስና ለመሰሎቿ ነው። ቀኑን ሙሉ ከተማ ውስጥ የምትሠራ የቤንዚን ታክሲ ከ4,000 አትለፍ። ናፍታ ሃይ ሩፍና አይሱዙ በ5,000፣ በአሥራ አምስት አርባ፣ የኤፒአይ ደረጃው ሲአይ-4 ወይም ከዚያ በላይ። ባጃጅ ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ የሚዋኝ ስለሆነ ጃሶ ኤምኤ (JASO MA፣ የጃፓን የሞተር ሳይክል ዘይት ደረጃ) የሚል ይፈልጋል፤ የመኪና ዘይት ሲሞላበት ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይት የለውም፤ ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. የቤንዚን አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ ያለችዎትን ያሪስ ረጅም ጊዜ መያዝዎ አይቀርም።

በዚህ ሳምንት የሚያደርጉት ይህ ነው። ባለፈው ፊልትሮው ካልተቀየረ 5,000 አይጠብቁ፤ ሃያ ሃምሳውን አስፈስሰው፣ አዲስ ፊልትሮ አስገብተው፣ ኤስኤን ወይም ኤስፒ የሆነ አምስት ሠላሳ ያስሞሉ። ኪሎ ሜትሩንና ቀኑን ጽፈው ኮፈኑ ውስጥ ይለጥፉ፤ ቀያሪው የራሱን «ቀጣይ» ጽፎ ሊለጥፍ ቢል አይፍቀዱለት። ከዚያ ለመጀመሪያዎቹ 1,000 ኪሎ ሜትር በየሳምንቱ፣ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ፣ ሜዳ ላይ ዘንጉን ይዩ። ምንም ካልጎደለ ወይም ትንሽ ብቻ ከጎደለ በአምስት ሠላሳው ይቀጥሉ። በ1,000 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር የሚጠጋ ከበላ ቀጣዩን አሥር አርባ ያድርጉና ከሞተሩ ላይ የምትገኘውን የእስትንፋስ ቫልቭ ያስቀይሩ፤ ርካሽ ናት፣ ስትደፈን ዘይት ታስበላለች። ከአንድ ሊትር በላይ ከሆነና ሰማያዊ ጭስ ካለ የፋሻና የቫልቮላ ጎማ ጉዳይ ነው፤ ያን ጊዜ የሲሊንደር ግፊት ያስለኩ፣ ሳይለካ ሞተር አይፈታ። ወደ አዲስ አበባ ከመውጣትዎ በፊትም ዘንጉን አንዴ ሳብ አድርገው ይዩ፤ ያቺን 300 ሚሊ ሊትር ኮፈን ውስጥ ሳይሆን ባጋጅ ውስጥ ይዘው ይሂዱ።